ዞር ብሎ አይቷል

መስከረም 11፣ 2018፣ እሑድ

ድምፄ ዘግቷል። ዛሬ መስቀል ፍላወር፣ ጀሚላ ካፌ ውስጥ ያልጮኸ ሰው የለም።

ሲቆይ እንዳልረሳው ልጻፈው። የሞተር ብስክሌት ውድድሩ የመጨረሻ ዙር፣ የመጨረሻው ኩርባ። ሳንቴሊ ይመራል። ብራንት በውስጥ በኩል የሞተሩን አፍንጫ አስገባ። ሳንቴሊ መስመሩን ዘጋ። ተነካኩ። ብራንትን ሞተሩ ጣለው፣ እየተንከባለለ አሸዋው ውስጥ ገባ። የትከሻው አጥንት ተሰብሯል ይላሉ። ሳንቴሊ አንደኛ ወጣ። ዳኞቹ አይተው አይተው "በውድድር የሚያጋጥም ነው፣ ቅጣት የለም" አሉ።

ከዚያማ መስቀል ፍላወር ቀለጠች። "ገደለው እኮ!" "ምን ገደለው፣ መስመሩ የሱ ነው!" የጀሚላ ታናሽ ወንድም ሰዓድ ወንበር ላይ ወጥቶ "ሳንቴሊ! ሳንቴሊ!" ሲል ጀሚላ እግሩን በፎጣ ገረፈችው። "ውረድ! የሰው ትከሻ መሰበሩ አልበቃህም፣ ወንበሬን ደግሞ!"

እኔ የሳንቴሊ ደጋፊ ነኝ። ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ። ቤት እንደገባሁ ለቴሌግራም ግሩፓችን፣ ለ"ጉልበት በአስፋልት"፣ የአሥራ አንድ ደቂቃ ድምፅ ቀዳሁ። ሳንቴሊ ራሱ ለጋዜጠኞች "አላየሁትም" ብሏል። እኔም ያንኑ አስረዳሁ። በዚያ ፍጥነት ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ የለም፤ ካላየ ደግሞ ሆን ብሎ አልዘጋም። "በስሜ እወራረዳለሁ" ብዬ ጨረስኩ። ጥሩ ነው የወጣልኝ።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ቢሮ። የትኬት ሰልፍ እስከ በሩ። ቶሎ ልጻፍ።

ድምፁን ዘጠኝ ሺህ ሰው ሰምቶታል። የግሩፑ አባል እኮ ሦስት ሺህ ነው! ተስፋለም የሚባል የሬዲዮ ስፖርት አዘጋጅ ደወለ። ቅዳሜ ስቱዲዮ ግቢ አለኝ። "ስለ ሞተር ውድድር በአማርኛ እንዲህ የሚያስረዳ ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ ያውም ሴት።" "ያውም"ን ዋጥ አድርጌ እሺ አልኩ።

ከደስታዬ ብዛት ጅማ ለሚሄድ ሰውዬ የጅጅጋ ትኬት ቆረጥኩለት። ደግነቱ ራሱ አየው።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ማክሰኞ ግሩፑን የማጸዳበት ቀን ነው። ማስታወቂያ፣ የቁማር ሊንክ፣ ስድብ። አጸዳሁ።

ጋሽ ገለታን ባን አደረግኳቸው፣ ከግሩፑ አስወጣኋቸው። ተሳድበው ነው። ሕጉ ከላይ ተሰክቷል፣ የተሳደበ ይወጣል። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው።

ያው ቀን፣ ከራት በኋላ

እንቅልፍ ስላልመጣልኝ ነው እንጂ የሚጻፍ ነገር ኖሮኝ አይደለም።

ጋሽ ገለታ ካዛንቺስ ሳለን ግድግዳ ተጋሪያችን ነበሩ። እማዬ ሥራ ስትውል እኔ እሳቸው ቤት ነበር የምውለው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቴሌግራም በሞተር ያደርሱ ነበር፤ ያኔ ቴሌግራም ወረቀት ነው። ግሩፑን የከፈትኩ ቀን መጀመሪያ የጻፉት፣ "ድሮ ቴሌግራምን በሞተር አደርስ ነበር፣ ዛሬ ሞተርን በቴሌግራም አያለሁ" የሚል ነው። ሰው በሳቅ ሞተ።

የሞተር ውድድርን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የአረብ ቻናል። እሳቸውም አረብኛ አይሰሙ፣ እኔም አልሰማ፤ ድምፁን ዘግተው ራሳቸው ያስረዱኝ ነበር። "እጁን አትይ። ራሱን እይ። ሰው ዓይኑ ወደሄደበት ነው የሚሄደው።"

አምና ሰፈሩ ሲፈርስ እኛ ቂርቆስ ተከራየን፣ ለሳቸው ገላን ጉራ ምትክ ቤት ደረሳቸው። የድሮው ሰፈር ሰው ግማሹ ግሩፑ ውስጥ ነው ያለው። ስለ ሞተር ግድ የሌለው ሁሉ ሰላምታ ለመለዋወጥ ገብቷል።

ለማንኛውም የሆነው እንዲህ ነው። ቪዲዮ ለጥፈው ነበር። ሰኞ ከሚተላለፈው፣ ማንም ከማያየው የግምገማ ፕሮግራም ላይ በስልካቸው የቀዱት። ከብራንት ሞተር ላይ ካለው ካሜራ የተነሳ ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጥራት የለውም። ከሌላው ነገር ጋር አብሮ ጠፋ።

"ቪዲዮዬን ማን አነሳው?" ብለው ጻፉ።

ሰዓድ "ፋዘር፣ ለርስዎ ከሞተር ይልቅ ከዘራ ነው የሚያምርብዎት" አላቸው። ሰዉ የሳቅ ምልክት አዘነበ።

"ባለጌ" ብለው መለሱ።

ባለጌ ስድብ ነው። ከዘራ ግን፣ ማለቴ፣ ከዘራ ዕቃ ነው።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ፣ መስቀል

ሬዲዮው በጣም ጥሩ ሆነ! መጀመሪያ አፌ ደርቆ ነበር፣ ከዚያ በቃ ፈሰሰልኝ። ተስፋለም "በየሳምንቱ ብትመጪስ?" አለኝ።

ቤት ስገባ እማዬ፦ "ገለታ አልደወለም። በዓል ሆኖ ሳይደውል ቀርቶ ያውቃል?"

"ኔትወርክ ይሆናል።"

"አንቺስ አትደውዪለትም?"

"እደውላለሁ።"

መስከረም 25፣ እሑድ

ዛሬ የሠራሁትን ሥራ ለማንም አልነግርም።

ውድድሩ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው በመስኮት አየኋቸው። ቆብ አድርገዋል፣ ያቺን ቡኒ ኮት ለብሰዋል። ከገላን ጉራ መስቀል ፍላወር ስንት ታክሲ እንደሚያዝ አውቃለሁ። ተነስቼ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ጀሚላ ድንች እየላጠች ነበር።

"የለችም በያቸው።"

"ማንን?"

"እባክሽ!"

ቢላዋውን ይዛ ወጣች። በመጋረጃው በኩል ሁሉ ነገር ይሰማል።

"ልዩ አለች?"

"ዛሬ አልመጣችም፣ ጋሼ። ይቀመጡ እንጂ።"

የሚቀመጡበት አልነበረም። አንድም ሰው አልተነሳላቸውም። ሰዓድ "ምስክሩ መጡ" ሲል ሰማሁት፣ ሳቅም ሰማሁ። ሁለት ዙር ያህል ቆመው አይተው ሄዱ። እኔ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ጀሚላ ተመልሳ እሳቸው የተዉልኝን የታጠፈ ፖስታ ጭኔ ላይ ጣለች። "ላንቺ ብዬ ሽማግሌ ዋሸሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ሰዓድ ወንድሜ ነው፣ ግን ባለጌ ነው። እኚህ ሰውዬ ምን አጠፉ?"

"ሕጉ ነው" አልኳት።

"የማን ሕግ?"

ሳንቴሊ ሦስተኛ ወጣ። አላየሁትም።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ውድድር የለም። ፖስታውን አልከፈትኩትም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ብራንት በተሰበረ ትከሻው፣ ብረት አስገብቶ፣ ሊመለስ ነው ተባለ። ፈረንጆቹም እንደኛው ተከፋፍለው ይሰዳደባሉ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

አንድ ልጅ ግሩፑ ውስጥ "ያ የጋሽ ገለታ ቪዲዮ የት ሄደ? እኔ ሳልጨርሰው ነው የጠፋው" ብሎ ጠየቀ። ሰዓድ ቀድሞኝ መለሰ፦ "በኤአይ የተሠራ ነው ወንድሜ፣ ለዚያ ነው የተነሳው። ወላሂ!"

አንብቤዋለሁ። አላረምኩትም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አሁን ሁሉም "የኤአይ ቪዲዮ" ይላል። ታክሲ ውስጥ፣ ወሎ ሰፈር፣ ከኋላዬ ሁለት ልጆች "አንድ ሽማግሌ አቀናብሮ ለጥፎ ነው ያባረሩት" ሲባባሉ ሰማሁ። አንደኛው "በዚህ ዕድሜው!" አለ።

ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ብራንት አራተኛ። ከሞተሩ ሲወርድ ሁለት ሰው ደግፎት ነው። ካፌው ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበለት፣ ሌላው አፏጨበት። እኔ ሻዬን አማሰልኩ። ስኳሩን ግን አልጨመርኩበትም ነበር።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ እየዋሸሁ ነው።

ቪዲዮው "አብሮ ጠፋ" ብያለሁ። አብሮ አልጠፋም። ለብቻው ነው ያጠፋሁት። ከማጥፋቴ በፊት አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንዴ በፍጥነቱ፣ ሦስቴ አዘግይቼ። ሳንቴሊ ኩርባው ጋ ሳይደርስ ራሱን ወደ ግራ ዞር ያደርጋል። ብራንትን ያያል። ወደ ፊት ይመለሳል። እንደገና ዞር ይላል። ከዚያ ነው የዘጋው።

ሁለቴ አይቷል። እኔ ደግሞ በስሜ ተወራርጄ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ሬዲዮ ነበረ። አንድ ጣት ነው የሚፈጀው። "ለሁሉም ይጥፋ?" ይልሻል ስልኩ። አዎ ትያለሽ።

ባለጌ ባይሉ ኖሮ ምን አባቴ ላደርግ እንደነበር አላውቅም። "ባለጌ" ሲሉ ደስ አለኝ። ይሄ ነው እውነቱ። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ተስፋለም በቀጥታ ሥርጭት ጠየቀኝ። በፈገግታ ነው፣ ክፉ አስቦ አይደለም። "ልዩ፣ በናንተ ግሩፕ የተቀናበረ ቪዲዮ ተለጥፎ ነበር ይባላል። ሳንቴሊ ዞሮ ሲያይ የሚያሳይ። እውነት ነው?"

የስቱዲዮው ሰዓት ከፊቴ ነበር። ሦስት ሰከንድ ሲቆጥር አየሁት። በሬዲዮ ሦስት ሰከንድ ብዙ ነው።

"እኔ አላየሁትም" አልኩ።

ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ፖስታውን ከፈትኩ። ለምን እዚያ እንደሆነ አላውቅም። ባለመስመር ወረቀት፣ እንደ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ፣ ቀጥ ባለው ጽሕፈታቸው፦

"ለ'ጉልበት በአስፋልት' ግሩፕ አስተዳደር። ጉዳዩ፦ ይግባኝ ስለማቅረብ። አመልካች በመስከረም 13 ቀን 'ባለጌ' የሚል ቃል መጻፌን አምናለሁ። ጥፋት ነው። የሦስት ሳምንት ቅጣት ይገባኛል ብዬ እገምታለሁ፤ ሆኖም የዕድሜ ልክ የተፈረደብኝ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ አልተነገረኝም። ለአቶ ሰዓድም ተመጣጣኝ ቅጣት እንዲሰጥ። ቪዲዮው በስህተት ተነስቶ ከሆነ ልጆቹ አይተው እንዲማሩበት እንዲመለስ በትሕትና አመለክታለሁ።"

ከሥር ኩርባውን በእርሳስ ሥለውታል። ሁለቱ ሞተሮች፣ መስመሮቹ፣ ፍሬን የተያዘበት ቦታ። በማስመሪያ ነው ያሠመሩት።

ማን አጠፋው አይልም። "በስህተት ተነስቶ ከሆነ" ነው የሚለው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ገላን ጉራ ሄድኩ። ሰው እየጠየቅኩ ነው ያገኘሁት፤ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሄጄ አላውቅም ነበር። ጋሽ ገለታ በር ላይ ጀሪካን ያጥቡ ነበር። ሲያዩኝ እጃቸውን በሱሪያቸው አደረቁ።

"ግቢ። እናትሽ አሰፋሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

ቆሎ አቀረቡልኝ። አልነካሁትም።

"ጋሼ፣ ቪዲዮውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"መቼ አወቁ?"

"ያኔውኑ። ቁልፉ ያለው አንቺ እጅ ነው። ሌላ ማን ያጠፋዋል?"

"ታዲያ ደብዳቤው ላይ ለምን..."

"ራስሽ እንድትዪው በር ልተውልሽ ብዬ ነዋ።"

አለቀስኩ። ጠበቁኝ። አላባበሉኝም።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"የቱን? የመስከረሙን ነው የትላንቱን?" ጀሪካኑን ገልብጠው ውሃውን አንጠፈጠፉ። "ሰማሁሽ እኮ። ሬዲዮኑን እዚያች ላይ አስቀምጬ፣ የኛ ልጅ ልትናገር ነው ብዬ ጎረቤት ጠርቼ። 'አላየሁትም' አልሽ።"



"ሳንቴሊ መዝጋቱ አይደለም ያናደደኝ። እኔስ በሞተር ስንቱን ዘግቼ አልፌያለሁ! ሰው ሲቸኩል ይዘጋል። አይቶ አላየሁም ማለቱ ነው። ልጁ ትከሻው ተሰብሮ ተኝቶ፣ አላየሁም!"

"ልክ ነዎት።"

"ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ፣ ልዩ። አሁን አንቺ እዚህ ለኔ ለብቻዬ ነግረሽ፣ ቀለል ብሎሽ ልትሄጂ ነው። ውሸታም የተባልኩት ግን በሦስት ሺህ ሰው ፊት ነው።"

ቪዲዮውን ከስልካቸው ላኩልኝ። ከዚያ ታክሲ ድረስ ሸኙኝ። ባይሸኙኝ ይሻለኝ ነበር። ረዳቱን "ይቺን ልጅ ቂርቆስ መገንጠያው ጋ እንዳትረሳት" አሉት፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ለግሩፑ ጻፍኩ። አጠፋሁ።

"በቴክኒክ ስህተት ምክንያት" ብዬ ጀምሬ ነበር። ራሴን ጠላሁት።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ቢሮ። አልላክሁም።

ተስፋለም ቋሚ ክፍል ሊሰጠኝ ነው፣ ስም አውጪለት አለኝ። እሺ አልኩ! እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ሬዲዮ አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። ይሄኛው ውሸት አይመስለኝም።

ለእማዬ ነገርኳት። ስለ ሞተር ምንም አታውቅም፤ አንዴ እንኳ አይታ አታውቅም። ጨርሳ ሰማችኝና "እኔ ሥራ ውዬ ስመጣ ምሳሽን አብልቶ፣ እግርሽን አጥቦ ነበር የሚያስረክበኝ" አለች። ተነስታ የተጣጠፈ ልብስ እንደገና ማጣጠፍ ጀመረች።

ጥቅምት 23፣ እሑድ ጠዋት

ላክሁት። ሳላሳምረው። እዚህም ልገልብጠው፦

"የጋሽ ገለታ ቪዲዮ እውነተኛ ነው። አልተቀናበረም። አራት ጊዜ አይቼው ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የተናገርኩትን ስለሚያፈርስብኝ። ሳንቴሊ ሁለቴ ዞር ብሎ አይቷል። ሬዲዮ ላይ አላየሁትም ያልኩት ውሸት ነው። ጋሽ ገለታን ለአንድ ቃል አባርሬ፣ ቀድሞ የሰደባቸውን ዝም ብያለሁ። ቪዲዮው ይኸው። ልዩ።"

ባኑን አነሳሁ። የመግቢያውን ሊንክ ላክሁላቸው። ለተስፋለምም ያንኑ ጽሑፍ ላክሁለት።

ስልኩን አልጋ ላይ ጥዬ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሄጄ ቆየሁ።

ጥቅምት 23፣ ማታ

ሰው እኮ አያመሰግንም። ለምን እንዲያመሰግን እንደጠበቅኩ እንጃ። የሳንቴሊ ደጋፊዎች ከሃዲ አሉኝ። የብራንት ደጋፊዎች ስሜን ይዘው ይፎክራሉ። "ቪዲዮውም ቢሆን ግልጽ አይደለም" የሚል አሁንም አለ። ሰባት መቶ ሰው ወጥቷል። ተስፋለም፦ "ክፍሉን ለጊዜው እናቆየው። ተረጂኝ።" ተረዳሁት።

ይሄ ሁሉ አይደለም። ሰዓድ የላከው ድምፅ ነው። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

"ልዩ፣ ቢያንስ ለኔ አትነግሪኝም? በኤአይ ነው ብዬ ወላሂ ስል እያነበብሽ ዝም አልሽ። ያጠፋሽው አንቺ ስለሆንሽ እርግጠኛ ነበርኩ። አንቺ ያለምክንያት አታጠፊም ብዬ ነው የማልኩት።"

እሱን አላሰብኩትም ነበር። አንድም ቀን።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

አድሚንነቱን፣ የግሩፑን ቁልፍ፣ ለጀሚላ አስረከብኩ። "እኔ ስለ ሞተር ምን አውቄ?" አለች። ቀጥላ፦ "ሰው ሲሰደብ ግን አውቃለሁ።" መጀመሪያ ያደረገችው ወንድሟን ለሦስት ሳምንት ማገድ ነው። ሁለተኛ እኔን። ለሦስት ወር።

ሰዓድ ትላንት ገላን ጉራ ሄዶ ነበር አለችኝ። ምን እንደተባባሉ አልነገራትም። ተመልሶ ሲመጣ ድንች ላጠላት።

ጋሽ ገለታ እስካሁን ግሩፑ ውስጥ አልገቡም። ሊንኩን አይተውታል።

ኅዳር 7፣ እሑድ

የመጨረሻው ውድድር። ካፌ አልሄድኩም፤ ቤት፣ በስልክ፣ ከእማዬ ጎን ተቀምጬ አየሁት። ሳንቴሊ በአራት ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ያ ኩርባ ባይኖር ዋንጫው የብራንት ነበር። ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነው። እማዬ "ያንቺው ነው ያሸነፈው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ታዲያ?" አለች።

ከዚያ ደወልኩላቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስፈራው የነበረውን። በሁለተኛው ጥሪ አነሱ።

"ጋሼ፣ ግሩፑ ተከፍቶልዎታል። ሰዉም ሁሉ አውቋል። ለምን አይገቡም?"



"አየሽ ልዩ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ከልቤ ነው። ግሩፑ ግን ይቅርብኝ።"

"ጋሼ..."

"ይቅርብኝ።"

ከዚያ ከደረጃው ሥር ጎመን መትከላቸውን፣ ትል እንዳስቸገራቸው ነገሩኝ። አመድ ይነስንሱበት አልኳቸው። ሞክሬዋለሁ አሉ። ስለ ጎመኑ ስምንት ደቂቃ ያህል አወራን። ሻምፒዮናው ካለቀ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም ነበር። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም።